ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው አፍ

ጥር 6፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ የሰፈራችን ወንበር መሸጫ፣ ወንበር ቤቱ፣ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። አንብቤው አለፍኩ፣ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ተመለስኩና እንደገና አነበብኩት። ባለጊታሩ ሊዘፍን ነው! ከዐሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ እዚሁ ሰፈሬ፣ ወንበር ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ጥር 19 እሁድ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ለስድሳ ሰው ብቻ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ሰው ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይሠራል፣ ጊታሩንም ራሱ ይጫወታል። ከዚያ ያለፈ ስለ እሱ የማውቀው የለም፤ መልኩን እንኳ በቅጡ አላውቀውም። ያለችኝ በወጣትነቱ ያወጣት አንዲት ካሴት ናት፤ እሷንም የልጄ አባት ከሰው ተውሶ የቀዳልኝ ስለሆነች ሽፋን የላትም። ጋዜጣ ላይ አንድ ሁለቴ ፎቶውን አይቻለሁ፤ ሁለቱም ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ አፉን ግጥም አድርጎ ነው።

ባለ ወንበሩን ቲኬት አለ ወይ አልኩት። "ስንት ልስጥሽ?" አለኝ። "ሁለት" አልኩ። ለምን ሁለት እንዳልኩ እንጃ። አንድ ብቻ መግዛት የሚያሳፍር መሰለኝ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

የልጄ ጓደኛ "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ብትላት "ጥርስ ትሠራለች" ብላት ኖሮ፣ ልጅቷ ሐኪም ነሽ ብላ ዛሬ ያመማትን መንጋጋ ልታሳየኝ አፏን ከፈተችልኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪም ቤት በጄሶ የወጣ የአፍ ቅርጽ ይላክልኛል፣ እኔ ለዚያ አፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ባለ አፉን አይቼው አላውቅም። ከቅርጹ ጋር የምትመጣው ወረቀት ላይ ቁጥር፣ ጾታና ዕድሜ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ እገምታለሁ። ልማድ ሆኖብኛል። ይሄ ፒፓ ያጨሳል፣ ይቺ ስትሰፋ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች፣ ይሄኛው ተናዶ ያድራል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ትክክል ልሁን አልሁን የሚነግረኝ የለም፤ ቢሆንም መጠየቄን አልተውኩም።

ዛሬ የገባው ቁጥር 214 ነው። ወንድ፣ 61 ዓመት፣ የላይ ጥርስ በሙሉ። ቅርጹን የላከችው ዶክተር ግርጌው ላይ "በአፉ የሚተዳደር ሰው ነው፣ ይፍጠንለት፣ የሰም ልኬታው ይቅር" ብላለች። የሰም ልኬታ ማለት ጥርሱ ገና በሰም ሳለ ባለቤቱ አፍ ውስጥ ገብቶ የሚሞከርበት ነው። ላንቃው ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ላንቃ ያለው ሰው ሲናገር ቤት ይሞላል። ጠበቃ? የጨረታ አጫራች? አጫራች ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

ወረቀቱ ላይ "የቀድሞ ጥርሱ ልዩ ምልክት" የሚል መስመር አለ። ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ሐኪሙ ጋ ተደውሎ ይጠየቃል፤ የጋሼ ሚሊ ሕግ ነው። (አለቃችንን ጋሼ ሚሊ የምንላቸው ስለ ሚሊ ሜትር ሳያነሱ ውለው ስለማያውቁ ነው።) ስልኩ ተይዞ ነበር።

ጥር 10፣ ዓርብ

ችኮላ። 214 በሰም ተደረደረ። ቆንጆ ረድፍ። እኩል፣ ጥብቅ፣ ብርሃን አያሳልፍም። በግራ በኩል ሁለተኛዋን ጥርስ እንደ ልማዴ በጣም ትንሽ አዞርኳት። ሁሉም ቀጥ ካለ ሰው የሠራው መሆኑ ያስታውቃል። ጋሼ ሚሊ እስከ ዛሬ አልነቁብኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከተማው ማዶ ጉዳይ ነበረኝ። አንድ ፖስታ ለመሥሪያ ቤት ዘበኛ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ማታ ልጄ ስልክ ይዛ በረንዳ ላይ። "ደህና ናት፣ ያው ካሴቷን ትሰማለች። አይ አባዬ፣ አላለቀሰችም። አንተው ራስህ ለምን አትጠይቃትም?" ስገባ ዘጋችው። ራት አቀረብኩ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

214 ተጠናቆ ሄደ። ጋሼ ሚሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ፣ አገላብጠው አዩት። "ይሄ ንጉሥ አፍ ውስጥ ቢገባ አያፍርም" አሉ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚወጣው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ካሴቱን ከፈትኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ "ሳልነግርሽ ሰንብቼ፣ ሳትሰሚኝ ሄድሽ" የሚልበት ቦታ፣ "ሰ" ላይ በደረሰ ቁጥር ቀጭን ንፋስ ትገባለች፤ ፉጨት ልትሆን ብላ የተወችው። የቀዳበት የቴፕ ችግር ነው። የልጄ አባት ያኔ "ቴፔ አርጅቷል፣ ይቅርታ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እቺን ንፋስ ነው የምወድላት። እሁድ ያለሷ ስሰማው እንዴት ይሆን?

ጥር 19፣ እሁድ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከወንበሩ ልጀምር።

ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ቫርኒሽ ይሸታል። የተቀመጥንባቸው ያልተሸጡ ወንበሮች ናቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት የለም፣ ዋጋቸው እግራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ለእኔ የደረሰኝ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። አጠገቤ ያለው ባለ ክንድ ሰፊ ወንበር ነበር። እስከ መጨረሻው ሰው አልተቀመጠበትም። ቦርሳዬን አኖርኩበት፤ ምቹ ነው።

ባለጊታሩ ከጎን በር ገባ። አጭር ነው! እኔ በሃሳቤ በር የሚሞላ ሰው ነበር የሠራሁት። ግራጫ ሹራብ ለብሷል፣ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ተቀመጠና ጊታሩን ቃኘ። የመጀመሪያውን ዘፈን ያለ ቃል፣ በጉሮሮው ብቻ አዜመው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ካሴቱ ውስጥ የማይሰማ ስንት ነገር አለ፤ ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት፣ ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንፋሽ።

ከዚያ ቃል ያለውን ጀመረ። "ሳልነግርሽ ሰንብቼ..." እና ቆመ። ደገመው። "ሰ" ከአፉ እርጥብ ሆና፣ ወፍራ ትወጣለች። እርጥብ ጫማ ያደረገ ሰው ሲራመድ እንደሚሰማው። ውኃ ጠጣ። ሦስተኛውን ዘፈን ሲጀምር በእጁ አፉን ጋረደ። ከኋላዬ አንዱ "ጠጥቶ ነው እንዴ?" አለ፤ ዞሬ ገላመጥኩት።

አራተኛው ላይ ቀና ሲል የመብራቱ ብርሃን አፉ ውስጥ ገባ። በግራ በኩል ሁለተኛዋ ጥርስ። በጣም ትንሽ የዞረች።

እናት ልጇን በመንገድ ብታገኝ አትስትም። የኔ ናት። የኔ ረድፍ ነው። አጫራቹ፣ 214፣ እሱ ነው!

ግማሹን አቋርጦ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ" ብሎ በገባበት በር ወጣ። ሰው አጨበጨበ፤ ያም አንጀቴን በላው። ስድሳ ሰው መካከል ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ጥር 20፣ ሰኞ

መዝገቡን አየሁ። 214። ጄሶው መደርደሪያው ላይ አለ። አነሳሁት፣ መልሼ አኖርኩት። ሥራ አልተሠራልኝም።

ምን አጠፋሁ? ልኩ ልክ ነው። ንክሻው ልክ ነው። ረድፉ ውብ ነው።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ዶክተሯ ደወለች። ጋሼ ሚሊ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ስለሚያወሩ ሁላችንም ሰማን። "214 ቅር ብሎታል፤ አልለመድኩትም ይላል።" እሳቸውም "ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ሁለት ወር ይታገሥ፣ ሁሉም ይለምዳል" አሏት። "እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት፣ 'ሁለት ወር የለኝም፣ እኔ እኮ መናገር ሳይሆን መዝፈን ነው ሥራዬ' ብሎኝ ሄደ" አለች።

ጋሼ ሚሊ ስልኩን ዘግተው "ዘፋኝ ነው እንዴ?" አሉና ዞረው አዩኝ። ጄሶ እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔን ግን ዝምታው ራሱ እየነቀዘብኝ ነው።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልጄን "የባለጊታሩ የድሮ ቪዲዮ ይገኛል?" አልኳት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ያላየሁትን በአንድ ደቂቃ! የሆነ ሰርግ ላይ የተቀረጸ ነው፣ ወጣት ሆኖ፣ እየሳቀ ይዘፍናል። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ መካከል ፍንጭት አለው። ሰፊ፣ ያማረ ፍንጭት።

"ሰ" ሲል ንፋሷ ትገባለች። ሰርግ ላይ ነው እንግዲህ፣ ቴፕ የለም፣ ካሴት የለም። የቴፑ ችግር አልነበረም። የልጄ አባት በከንቱ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ። ንፋሷ የምትወጣው ከፍንጭቱ ነው፣ እኔ ደግሞ በሰም ደፍኜ፣ በፕላስቲክ ቆልፌ፣ አብለጭልጬ ላክሁለት።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ልጄ። "የሙያ ሰው ነኝ እኮ" አልኳት፣ "ጆሮዬ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ስትፏጭብኝ እንዴት አላወቅኳትም?" ምን እያልኩ እንደሆነ አልገባትም። ራሴም ስሰማው የእብድ ወሬ ነው።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ሁሉም ምሳ ሲወጡ ቀረሁ። ሦስት ረድፍ በሰም ደረደርኩ፣ አንዱ በግማሽ ሚሊ ፍንጭት፣ አንዱ በአንድ፣ አንዱ በሁለት። ጄሶ የምናራግፍበትን የአየር ቱቦ ከኋላቸው አድርጌ ነፋሁ። ግማሹ ዝም። አንዱ ሹክ አለ። ሁለቱ አፏጨ! ደግሜ ነፋሁት። ምላስስ? ምላስ የት ነው የሚያርፈው? መስታወት ፊት ቆሜ "ሰ፣ ሰ፣ ሰ" እያልኩ አፌን ከፍቼ ሳይ ጋሼ ሚሊ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን አገኘሽ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ምንም ካላገኘሽ ምሳሽን ብዪ።"

የካቲት 1፣ ዓርብ

ወንበር ቤት ገባሁ፤ ሰበብ ፈልጌ የአንድ ወንበር ዋጋ ጠየቅኩ። ጥግ ላይ፣ ካልተሸጡት ወንበሮች መካከል፣ ጊታሩ ቆሟል። አንገቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል።

"የሱ ነው?" አልኩ።

"የሱ ነው" አለ ባለ ወንበሩ። "ሽጥልኝ ብሎ ጥሎት ሄደ። መጋቢት 8 ድጋሚ ሞክር ብዬ ለመንኩት። 'እኔ ጨርሻለሁ፣ ሰው ፊት ሁለተኛ አልዋረድም' አለኝ። እኔ ግን የመጋቢት 8ን ማስታወቂያ አልቀደድኩም፣ ምናልባት ብዬ።"

"ሰው ጠይቆታል?"

"ትናንት አንዱ ለልጁ ፈልጎት ነበር። ሰኞ እመጣለሁ ብሏል።"

ለሽያጭ የቀረበ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "አትሽጠው" አልኩት። "አንቺ ምኑ ነሽ?" አለኝ። ምን ልበለው? የአፉ ነኝ ልበለው? "ስልኬን ውሰድ፣ ለሱ ስጠው፣ ስለ ጥርሱ የምታውቅ ሴት ናት በለው" አልኩ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

እውነቱን እዚህ እንኳ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው።

ስልኩ ተይዞ አልነበረም። አልደወልኩም። ረቡዕ "ነገ" አልኩ፣ ሐሙስ "ነገ" አልኩ፣ ዓርብ ሁለተኛውን ቲኬት ለልጄ አባት ከሥራ ሳይወጣ ላድርስ ብዬ ቸኮልኩ። አንድ ስልክ ነበር። "የድሮ ጥርሱ ምን ይመስል ነበር?" አምስት ቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው ድምፅ ነው፣ በምን ይለቀማል?

ዘበኛው ቲኬቱን አድርሶለታል። ልጄ ነገረችኝ። ደርሶታል ማለት ነው። ያው ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ጠዋት ጋሼ ሚሊ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ባዶውን መስመር፣ ያልተደወለውን ስልክ፣ የዞረችውን ጥርስ ሳይቀር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብለው የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ አላቋረጡኝም። ያባርሩኛል ብዬ እጄን አፋትጌ ቆምኩ።

"የዞረችዋን አውቃለሁ" አሉኝ። "ዐሥራ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ፤ ስለምታምር ነው ዝም ያልኩሽ።" ከዚያ ተቀመጡ። "ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስንቱን አፍ እንዳበላሸሁ የነገረኝ የለም። 'ይለምዱታል' እላለሁ፣ እነሱም መልመዳቸውን እንጃ። አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ሄደሽ ሰማሽው።"

ስልኩን አንስተው ዶክተሯን "ስህተቱ የኛ ነው" አሏት። "የሰም ልኬታ ይደረግለት፣ እዚሁ እኛ ጋ፣ ዓይናችን እያየ።" በሠላሳ አራት ዓመት በሽተኛ ላቦራቶሪ ገብቶ አያውቅም።

ጊታሩን ሊገዛ የፈለገው ሰው ዛሬ ነበር የሚመጣው። ባለ ወንበሩ "ተይዟል ብዬዋለሁ፣ ነገር ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው" ብሎ ደወለልኝ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

መጣ። መጡ ልበል። በካሴት "እሱ" ነበር፣ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲቆሙ አንቱ ሆኑብኝ።

"የትኛዋ ናት?" አሉ። ሁሉም በዓይኑ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ከሃዲዎች።

"አንቺ ነሽ አፌን የዘጋሽው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ወንበር ቤቱ ሰውዬ አድናቂዎ ናት አለኝ። ጠላት ብትሆኚ ኖሮ ምን ልታደርጊኝ ነበር?" አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ያንን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

የሰሙን ረድፍ በሁለት ሚሊ ፍንጭት አድርጌ ጠበቅኳቸው፣ ቪዲዮው ላይ እንደለካሁት። አፋቸው ውስጥ ገባ። "ሳልነግርሽ ሰንብቼ" አሉ፤ ፉጨቷ የድስት እንፋሎት ሆነች። ጄሶ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ሞተ፤ እሳቸውም ጭምር። በአየር ቱቦ ልክ የነበረው በሰው ልክ አይደለም። ምላሳቸው ይሄን ሁሉ ጊዜ ሌላ ቦታ ለምዷል።

"ዐሥራ አንድ ዓመት ለምን ዝም አሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጠይቅ አላሰብኩም፣ አፌ ላይ መጣ። "የምለው አልነበረኝም። አሁን ትንሽ አለኝ። ያውም አንቺ ካስለቀቅሽኝ" አሉ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

አንድ ሚሊ ተኩል። ከኋላ በኩል ላንቃውን አሳሳሁላቸው፤ ምላሳቸው ቦታ አገኘ። ይሻላል። አልሆነም። እንደ ካሴቱ አይደለም።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

አሁንም አልሆነም። ከሩብ ሚሊ ላይ ሩብ ሚሊ ስጨምር ስቀንስ ሦስት ሰዓት አስቀመጥኳቸው። ጋሼ ሚሊ እንኳ "በቃሽ፣ አፍ ነው እንጂ ሰዓት አይደለም" አሉኝ። ልጄም ትናንት በስልኬ የቀዳሁትን ድምፃቸውን ሰምታ "እማ፣ እኔ የምሰማው ይሄ ሰውዬ ደህና ነው፣ አንቺ ነሽ እንቢ ያልሽው" ብላኛለች። ሁሉም ሙያተኛ ሆኗል።

ሚያዝያ የለም፣ ግንቦት የለም፣ መጋቢት 8 ነው ያለው። ጊታሩ ደግሞ የወሩ መጨረሻ ላይ ይሸጣል።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ካሴቱንና ማጫወቻውን ይዤ ሄድኩ። ቃል ከማባከን ራሳቸው ይስሙት ብዬ። ሁለተኛውን ዘፈን ከፈትኩላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ይሄ ማነው?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሼ።"

"አይደለሁም። ይሄ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ዘፈኑን የጻፈላት ልጅ ትመለሳለች ብሎ ያምናል፤ ስሚው፣ ድምፁ ውስጥ አለ። የኔ ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምትፈልጊው እሱን ነው?"

"ንፋሷን ነው የምፈልገው።"

"ንፋሷም የሱ ናት። ሄዷል። እኔም ብጠራው አይመጣም። አትጠብቂው።"

ዓይኔ ውስጥ ጄሶ ገባና ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ጄሶ ክፉ ነው፣ ቶሎ አይወጣም። ጋሼ ሚሊ ፎጣ አቀበሉኝ።

ስመለስ ካሴቱን አውጥተው መያዣው ውስጥ አስቀምጠውልኛል። "አሁን" አሉ፣ "እኔ አንድ አዲስ ነገር አለኝ፣ እሱን ልበልልሽ፤ አንቺ ደግሞ ለዚህኛው ሰውዬ ሥሪ።" ያለ ጊታር ዘፈኑት። የማላውቀው ዘፈን ነው፣ ስለ አንድ ሰው ቤቱን ቀለም ስለሚቀባ። የሰሙን ቢላ በአልኮል መብራቱ አግዬ ጥርሶቹን አቀራረብኩ። ደገሙት። አሁንም አቀራረብኩ። አንድ ሚሊ ላይ ቆመው "እዚህ ላይ አትንኪኝ" አሉ።

እኔ ግማሽ ሚሊ ይቀረዋል ባይ ነበርኩ። ቢላዋን አስቀመጥኩ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

214 ለሁለተኛ ጊዜ ተጠናቀቀ። የዞረችዋን ጥርስ አቅንቼ ልደረድር ስል ጋሼ ሚሊ "መልሺያት" አሉኝ። መስመሩ ላይ፣ "ልዩ ምልክት" የሚለው ቦታ፣ በእጄ ጻፍኩ፦ ፍንጭት፣ አንድ ሚሊ፣ ባለቤቱ ራሱ የመረጠው።

ባለ ወንበሩ ደወለ። ጊታሩን ቅዳሜ ዕለት ራሳቸው መጥተው ወስደውታል፤ የዋጋ ወረቀቱን በጥሰው ጠረጴዛው ላይ ጣሉለት። ቲኬት ልያዝልሽ ወይ አለኝ። አንድ አልኩት።

የልጄ አባት ደውሎ ነበር። ያኔ ስላልመጣ ይቅርታ ሊለኝ። "ዘፈኑ እንዴት ነበር?" አለኝ። አልተሳካለትም አልኩት። "እንዴ! ምን ሆኖ?" አለኝ። ረጅም ነው አልኩት። ስለ ልጃችን ትንሽ አወራን፣ በሰላም ተሰነባበትን። ንፋሷ የቴፑ ችግር እንዳልነበረች ልነግረው ነበር፣ ረሳሁት። ረስቼው ነው።

መጋቢት 8፣ እሁድ

ሞልቷል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዛሬ የደረሰኝ ዱካ ነው፣ ወገቤን አልቻልኩም። አጠገቤ ያለው ባለ ክንድ ወንበር ላይ ትልልቅ የጆሮ ጌጥ ያደረገች ሴት ተቀምጣለች፤ በየመሃሉ ክንዴን ትነካኛለች፣ እንደሚተዋወቁ ሰዎች።

እሳቸው ገቡ። ያው ሹራብ፣ ያው ባርኔጣ። የመጀመሪያውን ቃል ሲሉ "ሰ"ዋ ንጹሕ ወጣች። እርጥብ አይደለችም፣ ወፍራም አይደለችም። ግን እንደ ካሴቱም አይደለችም። እውነቱን ልጻፍ፤ ቅር አለኝ። አፋቸውን እያየሁ ሩብ ሚሊ፣ ግማሽ ሚሊ እያልኩ እቆጥር ነበር። ድምፃቸው ወርዷል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል። የሚያውቀው ሰው ቢሰማው ሌላ ሰው ነው ይላል።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ የቤቱን ቀቢ ጀመሩት። ሰውየው አንዱን ግድግዳ ቀብቶ ይጨርስና ሌላው አሮጌ መስሎ ይታየዋል፣ ያንን ይቀባል፣ የመጀመሪያው ያረጅበታል። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀቢው የመጨረሻው ክፍል በር ላይ ደርሶ ቀለሙ ያልቅበታል፣ በሩን ከፍቶ እንዲሁ ይገባል። የዚያን ጊዜ የሻከረው ድምፅ ምን እንዳደረገኝ መጻፍ አልችልም፤ ጎረምሳው ቢሆን አይችለውም ነበር። ሴትየዋ መሃረብ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ አፋቸውን ማየቱንም ሚሊ መቁጠሩንም ረሳሁት፣ ስንት ዘፈን እንደዘፈኑም አላስታውስም። ሰባት? ስምንት? አንድም ጊዜ እጃቸው ወደ አፋቸው አልሄደም። አንዱ ከኋላ ስማቸውን ጠርቶ የድሮውን ዘፈን ጠየቃቸው፣ "እሱን ካሴት ላይ ስሙት" ብለው አሳቁት። ሲጨርሱ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፣ ወንበሩ ተገለባበጠ፣ ባለ ወንበሩ "ዋጋ አለው! ዋጋ አለው!" እያለ ይጮሃል።

ደረጃው ላይ ስንወርድ ሴትየዋ ክንዴን ያዘችኝ። "በዚህ ዕድሜያቸው ጥርሳቸው እንዴት ያምራል፣ አየሽው?" አለችኝ።

"አላየሁም" አልኳት። እውነቴን ነበር።